የቮልስ ወለል ሲዝግ፦ አሮጌውን ቆርጦ ከማውጣት አዲሱን እስከ መበየድ

ያወቅኩት ክረምት ላይ ነው። ደሴ ውስጥ ከሰኞ ገበያ ወደ ፒያሳ ስነዳ መንገዱ ላይ የተኛ ውሃ መሃል ገባሁ። ከኋላ የተቀመጠችው እህቴ «ኧረ እግሬ ራሰ!» ብላ ጮኸች። ቤት ደርሼ ምንጣፉን ገለጥኩ። በቀኝ በኩል፣ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መዳፌን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። የግቢያችን ድንጋይ በዚያ በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መኪናዋ የአባቴ ናት፤ ቮልስ 1300። ወለሏ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተለጥፎ ነበር። ልጣፉን ሳነሳው ላሜራ በላሜራ ላይ፣ በላዩ ሬንጅ፣ ሦስት ድርብ ሆኖ ወጣ። በድርቦቹ መሃል እርጥብ ቀይ ዝገት ሞልቷል። በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቋሜ አንድ ነው። የዛገ ወለል አይለጠፍም። ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይወጣል፣ በቦታው አዲስ ይገባል። በሁለት ብረት መሃል የተዘጋ ዝገት እርጥበት ይዞ ይቀመጣል። አየር ስለማያገኝ አይደርቅም። አዲሱንም ብረት ከሥር ሆኖ ይበላዋል።

ሥራውን የሠራሁት ኮምቦልቻ ነው፤ ዘመድ ግቢ ውስጥ፣ ከአንድ አንጋፋ ባትላሜራ (የመኪና ቦዲ ሠሪ) ጋር ሆኜ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ጠዋት የተፋቀ ብረት ማታ ቀይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ ቀለምም ቶሎ ይደርቃል። ደሴ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን የደረቅ ወቅት ምረጡ። የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ጨርሱ።

መጀመሪያ ወለሉን እንወቀው

የቮልስ ወለል አንድ ወጥ አይደለም። በመሃል፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ማርሹና የእጅ ፍሬኑ የተተከሉበት ወፍራም ጉብታ አለ። እኔ አከርካሪ እለዋለሁ። ከግራና ከቀኙ ሁለት ግማሽ ወለሎች ተበይደውበታል። ቦዲው ከላይ መጥቶ በወለሉ ጠርዝ ዙሪያ በብሎን ይታሰራል፤ አልተበየደም። ይሄ ትልቅ ዕድል ነው። በሌሎች ብዙ መኪኖች ወለሉና ቦዲው አንድ ላይ የተበየዱ ስለሆኑ ሥራው ሌላ ነው።

ከበሮቹ ሥር ደግሞ የጎን ሳጥኖች አሉ። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቀት ወደ ፊት የሚያልፍባቸው ናቸው። እነሱ የቦዲው አካል ናቸው። የወለሉ ብሎኖች ከሥር ወጥተው የሚታሰሩት እነሱ ውስጥ ባለ ዳዶ ነው።

ዝገቱ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ከኋላ ይጀምራል። ባትሪው እዚያ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ ነው። የባትሪ አሲድ ይፈሳል፣ ይተንናል፤ ቀለሙን ያነሳና ብረቱን ይበላል። ሁለተኛው ምክንያት ያረጀ የበርና የመስታወት ጎማ ነው። ውሃው ገብቶ ምንጣፍ ሥር ይተኛል። ላዩ ደርቆ ሥሩ ለሳምንታት እንደራሰ ይከርማል። እንግዲህ ወለሉን ቀይራችሁ የበሩን ጎማ ካልቀየራችሁ ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

ምርመራ

ወንበሮቹን አውጡ። ምንጣፉንና ከሥሩ የተለጠፈውን ሬንጅ መሰል ወረቀት ሙሉ በሙሉ አንሱ። ከዚያ ካቻቢቴ ይዛችሁ ወለሉን በየመዳፍ ርቀት ውጉት። ጤነኛ ብረት ድምፁ ይጮሃል፤ ካቻቢቴውም ይነጥራል። የዛገው ድምፁ ይታፈናል፤ ወይ ይበሳል። የተበሳበትን ሁሉ በጠመኔ ክበቡት።

ሦስት ቦታ ላይ ጊዜ ስጡ። አንደኛው ወለሉና አከርካሪው የሚገናኙበት መስመር ነው። ሁለተኛው ከፊት፣ ከእግር መርገጫው ሥር ያለው የአከርካሪው ጭንቅላት ነው። ሦስተኛው የጎን ሳጥኖቹ ሥር ነው። ዝገቱ ከመዳፍ የማይበልጥና ከጠርዝ የራቀ ከሆነ ያንን ብቻ ቆርጦ መተካት ይቻላል። ጠርዙ ላይ ከደረሰ ግን ግማሹን ወለል በሙሉ ቀይሩ።

የጎን ሳጥኖቹም ከዛጉ ቅደም ተከተሉ ይቀየራል። ቦዲውን ሳታነሱ፣ ከወለሉ ጋር እንደታሰረ፣ መጀመሪያ እነሱን አሠሩ። ሳጥኑ የተቆረጠ ቦዲ ሲነሳ ይጣመማል። ከተጣመመ በኋላ በሩ ዳግመኛ በትክክል አይዘጋም። ለማንኛውም ከመቁረጣችሁ በፊት በእያንዳንዱ በር ክፍት ቦታ ላይ የካሬ ቱቦ ብረት በአግድምና በሰያፍ በይዱ። ሲያልቅ በግራይንደር ይነሳል።

ነዳጅና እሳት

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። የቮልስ ነዳጅ ታንከር ከፊት ነው፤ ሞተሩ ከኋላ። ነዳጁ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቀጭን ቱቦ የሚያልፈው በአከርካሪው ውስጥ ነው። እናንተ የምትበይዱት ደግሞ አከርካሪው ላይ ነው። አያችሁት?

ባትሪውን አውጡ። ታንከሩን ፈታችሁ አውጡና ከሥራው ቦታ አርቃችሁ አስቀምጡ። ባዶ ነው ብላችሁ አትናቁት። ከፈሳሹ ይልቅ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ከዚያ ቱቦውን ከፊት በውሃ እጠቡት፣ በኮምፕሬሰር ንፉት፣ ሁለቱንም ጫፍ ድፈኑ። እግረ መንገዳችሁን ቱቦው ራሱ አለመዛጉን እዩ። ወለሉ ክፍት እያለ መቀየር ይቀላል።

የፍሬን ዘይት ቱቦውም በግራ በኩል አከርካሪውን ታኮ ወደ ኋላ ይሄዳል። በግራይንደር እንዳትቆርጡት ቀድማችሁ ፍቱት። የእሳት ማጥፊያ፣ አንድ ባልዲ ውሃና አሸዋ አጠገባችሁ ይኑር። አንድ ሰው ሥራው ብየዳውን ከማዶ መመልከት ብቻ ይሁን። የሬንጅ ቅሪት ከላሜራው ጀርባ ቀስ ብሎ ይያያዛል፤ በያጁ በመነጽሩ ውስጥ አያየውም።

ብሎኖቹን መፍታትና ቦዲውን ማንሳት

ብሎኖቹን ከመፍታታችሁ ከሦስት ቀን በፊት ጀምራችሁ ጠዋት ማታ ነጭ ጋዝ ከሞተር ዘይት ጋር ደባልቃችሁ አጠጧቸው። በጠርዙ ዙሪያ ያሉት በቁጥር 13 ቁልፍ ይፈታሉ። ከፊት ታንከሩ ሥርና ከኋላ ያሉት ትልልቆቹ ቁጥር 17 ናቸው። እንቢ ያለውን አታስገድዱት። ትንሽ አጥብቁት፣ ከዚያ ፍቱት፤ መልሳችሁ አጥብቁት። ዘይቱ የሚገባው እንዲህ ነው። ጭንቅላቱ ከተቆረጠ ችግር የለም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዳዶ ከተነቀለ ግን አብሮ መሽከርከር ይጀምራል፤ ያኔ ሳጥኑን መክፈት ግድ ነው።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቦዲውን ጨርሶ ማንሳት ነው። ሌላው የምትቀይሩትን ጎን ብሎኖች በሙሉ አውጥቶ፣ የሌላውን ጎን አላልቶ፣ በጣውላና በክሪክ ቦዲውን በዚያ በኩል ጥቂት ሴንቲ ማንሳት ነው። ሁለተኛው ያስኬዳል፤ ብዙ ሰውም የሚያደርገው እሱን ነው። እኔ ግን ሁለቱንም ጎን ለሚቀይር ሰው ሙሉ በሙሉ አንሱት ነው የምለው። ጠርዙን፣ ጎማውን፣ የሳጥኑን ሥር፣ ሁሉንም በብርሃን ታያላችሁ።

ሙሉ በሙሉ ለማንሳት የሚፈቱት እነዚህ ናቸው፦ የመሪው ዘንግ መገናኛ፣ ከፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው የሚወርደው ቱቦ፣ ከግራ የፊት ጎማ የሚመጣው የፍጥነት መቁጠሪያ ገመድ፣ ወደ ሞተሩና ወደ ሞተሪኖው የሚሄዱ ሽቦዎች፣ የሙቀት ቱቦዎቹ። ሞተሩና ካምቢዮው ወለሉ ላይ ይቀራሉ። ፔዳሎቹም እንደዚሁ። የማርሹን ራስ ብቻ ፍቱት፤ ቦዲው ሲነሳ ያስቸግራል። እያንዳንዱን ሽቦ በፕላስተርና በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፣ በስልክ ፎቶ አንሱ። እኔ ከመቶ በላይ ፎቶ አነሳሁ፤ አንዱም አልተረፈኝም።

በሮቹን፣ ኮፈኑንና መስታወቶቹን ካወጣችሁ ስምንት ሰው ሳይቸገር ያነሳዋል። እኛ አርብ ከሰዓት የሰፈሩን ልጆች ጠራን። «ቢስሚላህ!» ተባለ፤ ቦዲው ተነስቶ አራት በርሜል ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቡና ተፈላ።

መለካትና መቁረጥ

ምንም ከመቁረጣችሁ በፊት ወለሉን ደልዳላ ቦታ ላይ አራት የብረት መቆሚያ ላይ አስቀምጡ። በውሃ ልክ አስተካክሉ። ከዚያ በሰያፍ ለኩ፤ ከቀኝ የፊት ብሎን ቀዳዳ እስከ ግራ የኋላ፣ ከግራ የፊት እስከ ቀኝ የኋላ። ሁለቱ ልኮች እኩል መሆን አለባቸው። ቁጥሮቹን ግድግዳ ላይ ጻፉ። በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት 2400 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሁለቱም ጎን ለኩት። ልዩነት ካለ መኪናዋ ቀድሞ ተጋጭታ ሊሆን ይችላል። ወለል ከመቀየሩ በፊት መቅናት አለባት።

ዋናው ሕግ ይሄ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ። ቀኙ ተቆርጦ፣ አዲሱ ገብቶ፣ ተበይዶ ሳያልቅ ግራው አይነካም። ያልተነካው ጎን አከርካሪውን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል።

ስትቆርጡ አከርካሪው ጥግ ድረስ በግራይንደር አትሂዱ። ሦስት ሴንቲ ያህል ተርፎ ይቅር። ትልቁን ላሜራ መጀመሪያ አውጡ። የቀረውን ቀጭን ጠርዝ በእርጋታ ነው የምታነሱት። በሽቦ ብሩሽ ስትፍቁት ክብ ክብ ጠባሳዎች ይታያሉ፤ ፋብሪካው በነጥብ የበየደባቸው ናቸው። እያንዳንዱን መሃሉን በነጥብ መቺ ምቱ፣ በ8 ሚሊ ድሪል ብሱ። የላይኛውን ላሜራ ብቻ ነው የምትበሱት፤ የሥሩን አትንኩ። ከዚያ ቀጭን መሮ አስገብታችሁ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ስትመቱ ጠርዙ እየተላጠ ይመጣል። አሰልቺ ነው። እኔን አንድ ጎን ብቻ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል። ግን የአከርካሪው ከንፈር ሳይጎዳ ከቀረ ቀሪው ሥራ ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

አሮጌው ላሜራ ከከንፈሩ ጋር እንዴት እንደተነባበረ፣ የፊትና የኋላ ጫፉ የት ላይ እንደሚያርፍ ቆርጣችሁ ሳትጥሉ ፎቶ አንሱ። አሮጌውንም አትጣሉት። ቅርጽ መስጫችሁ እሱ ነው።

አዲሱ ላሜራ

በማተሚያ ቅርጽ የወጣለት ዝግጁ ወለል ካገኛችሁ ግዙት። ስትገዙ ሞዴሉን አረጋግጡ፤ የወንበር ሐዲዱ አቀማመጥ በየዘመኑ ተለዋውጧል። ካላገኛችሁ ይሠራል። እኛ ሠርተናል።

ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ የሆነ ጥቁር ላሜራ ውሰዱ። 0.8 ይሳሳል፤ ወንበር ተሸካሚ ነውና አይሆንም። 1.5 ደግሞ ለማጠፍ ያስቸግራል፣ ይከብዳልም። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ከነጭራሹ አታስቡ። ኮምቦልቻ ላይ እንደ ልብ ስለሚገኝ የሚፈተን ሰው አይቻለሁ። በጣም ስስ ነው። ዚንክ የተቀባ ስለሆነም ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል።

ካርቶን አሮጌው ወለል ላይ ዘርጉና ቅርጹን ቅዱ። የጎደለውን በሌላው ጎን ገልብጣችሁ ሙሉት። ካርቶኑን መኪናዋ ላይ ገጥማችሁ ሞክሩ፤ ላሜራውን ከዚያ በኋላ ቁረጡ። ዙሪያውን ሁለት ሴንቲ ትርፍ ተዉ፤ መቀነስ ይቀላል።

አሮጌውን ወለል ስታዩት ላዩ ላይ ረጃጅም ጎድጓዳ መስመሮች አሉ። ጌጥ አይደሉም። ዝርግ ላሜራ ሰው ሲቀመጥበት ይረግባል፤ መኪናዋ ስትሄድ እንደ ከበሮ ይመታል። መስመሮቹ ናቸው የሚያጠነክሩት። ማውጣቱ እንዲህ ነው። ሁለት የወይራ ጣውላ ወይም ሌላ ጠንካራ እንጨት ወስዳችሁ በመሃላቸው የሁለት ጣት ክፍተት ትታችሁ እሰሩ። ላሜራውን በላያቸው አስቀምጡ። ጫፉ ክብ የሆነ ብረት በክፍተቱ ላይ እያስሄዳችሁ በመዶሻ ምቱ። በአንድ ምት ለማስገባት አትሞክሩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ስድስት ጊዜ ተመላለሱበት፤ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እየጠለቀ ይሂድ። ሽማግሌው ሲሠሩት ድምፁ አንድ ዓይነት ምት ነበረው። እኔ ስሞክረው ላሜራው እንደ ድንች ቅጠል ተኮማተረ። የመታሁት አንዱን ቦታ ብቻ ደጋግሜ ነበር።

የወንበር ሐዲዱን፣ የክሪክ ማስገቢያውንና የባትሪውን ማሰሪያ ከአሮጌው አውጥታችሁ፣ አጽድታችሁ፣ በልካቸው አዛውሩ። የክሪክ ማስገቢያው ከሥሩ ተጨማሪ ላሜራ ይፈልጋል። መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ የዚያን ጎን ክብደቷን እዚያ ላይ ትጥላለች።

ሳትበይዱ ግጠሙ

አዲሱን ወለል ቦታው አስቀምጡ፣ በግሪፕ ያዙት። ሰያፍ ልኩን ግድግዳው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩ። እኔ እዚህ ላይ ችኩል አልኩ።

«ጋሼ፣ አሁን ልበይደው?»

«አብሽር፣ ምን አስቸኮለህ? መጀመሪያ ቦዲዋን መልሰህ አስቀምጥባት። ብሎኖቹ ካልገቡ ብየዳው ምን ያደርግልሃል?»

ልጆቹ ዳግመኛ ተጠሩ። ቦዲው ሲቀመጥ ከብሎን ቀዳዳዎቹ ሦስቱ ግማሽ ጣት ስተዋል። ወለሉን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋነው፤ ሁሉም ገቡ። በዚያው አቋሙ አከርካሪው ላይ በአራት ቦታ በነጥብ ብየዳ አሰርነው፤ ከዚያ ቦዲውን አወረድነው። የእሳቸውን ምክር ባልሰማ ኖሮ የተበየደውን መልሼ እቆርጥ ነበር።

ብየዳው

የሚገናኙትን ሁለት ገጾች እስኪያበሩ ፍቁ። ዚንክ ያለበት የብየዳ ፕራይመር ከተገኘ በስሱ ቀቡት፤ ብየዳው የሚያርፍበትን ነጥብ ብቻ ባዶ ተዉ።

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ሚግ (ሽቦውን ራሱ እየገፋ የሚበይድ ማሽን) ነው፤ 0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሽቦ ያለው። እጅ ያለው ሰው በጋዝ ብየዳም ጥሩ አድርጎ ይሠራዋል፤ ሙቀቱ ግን ሰፊ ስለሆነ ላሜራውን ያጣምማል። ለቤት በርና መስኮት የምንጠቀምበት 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ለዚህ አይሆንም። ይበሳል። የተበሳውን ለመድፈን ሲሞከር ቀዳዳው ይሰፋል።

በአዲሱ ላሜራ ጠርዝ ላይ በየ3 ሴንቲው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ። በቀዳዳው ውስጥ የሥሩን ብረት እያቀለጣችሁ ትሞሉታላችሁ። ከሥሩ ብረት ጀምሩ፣ ከዚያ በክብ ወደ ጠርዙ ውጡ። ከመሃል ጀምራችሁ አንድ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ እያላችሁ ሂዱ። ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቀዳዳ ተከታትላችሁ አትሙሉ። ላሜራው በእጅ እስኪነካ ይቀዝቅዝ። በውሃ አታቀዝቅዙት። ከጫፍ ጀምሮ በአንድ ትንፋሽ የሚበይድ ሰው መጨረሻ ላይ ያበጠ ወለል ነው የሚያገኘው። የፊትና የኋላ ጫፎቹን መጨረሻ ላይ በይዱ።

በመጀመሪያ በቁራጭ ላሜራ ላይ ሞክሩ። ሁለት ቁራጭ በይዳችሁ በመሮ አላቅቋቸው። ብየዳው ከለቀቀ አልገባም ማለት ነው፤ ኃይሉን ጨምሩ። የአንዱን ላሜራ ክብ ሥጋ ቀድዶ ከወጣ ጥሩ ነው። መብራት በመሃል ቢጠፋ አትደናገጡ። ሲመጣ ካቆማችሁበት ሳይሆን ከቀዘቀዘው ጎን ቀጥሉ።

ማሸግና መቀባት

የብየዳውን ጉብታ በግራይንደር ደልድሉ፤ ግን ላሜራውን እስክታሳሱት አትሂዱ። ጥቀርሻውን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ በቲነር እጠቡ። በዚያው ቀን አንቲረስት ቀቡ። ሁለተኛውን ዙር መጀመሪያው ሲደርቅ ደግሙ። ከዚያ መገጣጠሚያውን ሁሉ፣ ከላይም ከሥርም፣ በመገጣጠሚያ ማሸጊያ ሙሉት። ቀዳዳ በስቱኮ አትድፈኑ። ስቱኮ እርጥበት ይስባል። ማሸጊያው ሲደርቅ ከላይ ቀለም፣ ከሥር ደግሞ የወለል ሬንጅ ይቀባል። ሬንጁ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ባዶ ብረት ላይ የተቀባ ሬንጅ ዝገቱን ከመሸፈን በቀር አይከላከልም። በአባቴ መኪና ላይ የተደረገው እሱ ነበር።

የጎን ሳጥኖቹ ውስጥም በቀዳዳቸው በኩል ሰም ወይም ወፍራም ዘይት ርጩ።

መልሶ መግጠም

በቦዲውና በወለሉ መሃል ጎማ አለ። አዲስ ካልተገኘ ካረጀ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቆርጣችሁ በሙጫ ለጥፉ። ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ይሁን። ብሎኖቹን ግሪስ ቀብታችሁ ሁሉንም በእጅ አስገቡ። አንዱንም አታጥብቁ። በሮቹን ገጥማችሁ ሲዘጉ እዩ፤ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ሲሆን ከመሃል ወደ ጫፍ እየተሻገራችሁ አጥብቁ።

ባትሪው ሥር ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፤ ከላዩም መሸፈኛ ይኑረው። የኋላ ወንበሩ ሽቦ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ሊነካ ይችላል። ቮልስ ከሚቃጠልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። የወንበሩ ሥር ደግሞ ጭድ መሰል ነገር አለበት፤ በቀላሉ ይያያዛል።

ፍሬኑን አየር አስወጡ። መሪው መገናኛ ላይ ያሉትን ብሎኖች ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ነዳጅ ሞልታችሁ ሩብ ሰዓት ቁሙ፤ አከርካሪው ሥር ጠብታ ካለ ፈልጉ። ከዚያ አንድ ሰው ከውጭ ውሃ ሲረጭ እናንተ ውስጥ ሆናችሁ በባትሪ መብራት ጥጉን ሁሉ እዩ።

የመጀመሪያ ጉዟችሁ ሜዳ ላይ ይሁን። እኔ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ሁለት ቀን ነዳሁ፤ በየማታው ከሥር ገብቼ አየሁ። በሦስተኛው ቀን አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ የዶሮ መዝለያን ጠመዝማዛ ወጣሁ። አባቴ መንገዱን ሙሉ ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ነበር። ደሴ ልንገባ ስንል ጉሙ ተቀበለን፣ ካፊያም ጀመረ። ጎንበስ ብለው ምንጣፉን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ደረቅ ነው» አሉኝ።